«ሳትጠይቀኝ?!» ሊኑክስ ለቤትና ለሰርቨር እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ሰሞን አንድ የምቀርበው ልጅ «ቶሎ ድረስልኝ» ብሎ ሜክሲኮ አካባቢ ካለች ካፌ ቀጠረኝ። ስደርስ ማኪያቶው ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያገላብጣል። ገና ወንበር ስስብ «አበቃልኝ!» አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው የሞተበት መስሎኝ ክው አልኩ። ኋላ ነገሩን ሲዘረግፈው ግን ሟቹ ሰው ሳይሆን የእጮኛው ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ።

ልጁ የሊኑክስ ፍቅር የያዘው ነው። ዊንዶውስ የሚል ቃል ሲሰማ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። እጮኛው የሂሳብ ሠራተኛ ስትሆን በዚያ ላይ የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ናት። ላፕቶፕዋ መንቀራፈፍ ሲያበዛባት «እስቲ ምን ሆኖ እንደሆነ እየው» ብላ ሰጠችው። እሱ «ላስደስታት» ብሎ ቅዳሜ ማታ ዊንዶውሱን ጠራርጎ አጠፋና የሚወደውን ሊኑክስ ጫነበት። እሁድ ጠዋት ላፕቶፑን እንደ ሙሽራ አስጊጦ ይዞላት ሄደ። ከፈተችው... ፈለገች... ዝም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «የእቁቡ መዝገብስ?»

አንባቢያን፣ የሠላሳ ሰው እቁብ ነው! ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ዋሱ ማን ነበር... ሁሉም እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ደግነቱ ግማሹን በደብተር ይዛው ኖሯል። ቀሪውን በየቤቱ እየዞረች «እርስዎ እስከ ስንተኛው ከፍለው ነበር?» እያለች ስትጠይቅ ግን አንዳንዱ በጎን ያያት ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን አፍሳሹ እሱ፣ ለቃሚዋ እሷ ሆነች።

«የኮምፒውተሩ ነገር አይደለም ያናደደኝ፤ ሳትጠይቀኝ መንካትህ ነው» አለችው። ቀለበቱን አልመለሰችም። ስልክ ግን አታነሳም።

ይኸው ልጅ ከዚህ በፊትም በሥራ ቦታው ሌላ ጉድ አፍልቶ ነበር። በአንድ መለስተኛ ድርጅት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው። የሠራተኛው ፋይልና ደመወዝ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ ቤቱ ላፕቶፑ ላይ የሚጠቀምበትንና በየቀኑ የሚታደሰውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነበት። ሦስት ወር ሳይነካው ቆየና አንድ የወር መጨረሻ ማታ የተጠራቀመውን አፕዴት ባንዴ ለቀቀበት። ማሽኑን አጥፍቶ ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን! የሰው ደመወዝ ሁለት ቀን ዘገየ። ለእሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው።

እንግዲህ ሁለቱ ጥፋቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልጁ «ለዚህ ማሽን፣ ለዚህ ሥራ፣ ለዚህ ባለቤት የቱ ይሻላል?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው «እኔ የቱን እወዳለሁ?» ብሎ ነው። ፍቅር ደግሞ ዕውር ነው። እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ የቀረውን ኢንተርኔት ቤት ወንበር ላይ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የስንቱን ኮምፒውተር ነክቼ እንዳበላሸሁ አልነግራችሁም። እናንተም የኔንና የሱን መንገድ እንዳትደግሙት ብዬ ነው ዛሬ ይህን የጻፍኩት።

በርበሬው አንድ፣ ወጡ ብዙ

ለመሆኑ ሊኑክስ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው የኮምፒውተር ሲስተም እምብርት ነው። ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል። «እኔ ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም» የምትል ልጅ ካለች እጇ ላይ ያለውን ስልክ ትመልከት። አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። ከኖቬምበር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በዓለም በፍጥነታቸው ከ1 እስከ 500 የሚደረደሩት ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት።

ታዲያ እምብርቱ ብቻውን አይበላም። በርበሬ ብቻውን ወጥ አይሆንም አይደል? አንዱ ቡድን እምብርቱን ይወስድና መስኮቱን፣ መጻፊያውን፣ ፕሮግራም መጫኛውን ጨምሮ የተሟላ አድርጎ ያወጣል። ይህን ነው የሙያው ልጆች «ዲስትሮ» የሚሉት። ዲስትሮ በመቶዎች ይቆጠራል። አዲስ ገቢ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው።

ደግነቱ ልዩነቱ ሲጨመቅ ሦስት ጥያቄ ላይ ይወድቃል። አንደኛ፣ በየስንት ጊዜው ይታደሳል? ሁለተኛ፣ ካንተ ጋር ስንት ዓመት ይቆያል? ሦስተኛ፣ ማሽኑ ይሸከመዋል ወይ? መልኩና ቀለሙ በኋላ የሚቀየር ነገር ነው። ሰው ግን በመልክ ይመርጥና ባሕርዩን በኋላ ያየዋል። ከየት የለመድነው አመል እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ!

ሁለተኛዋን ጥያቄ አትናቋት። «ካንተ ጋር ይቆያል» ማለት ሌባ መግቢያ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ሠሪዎቹ እየደፈኑ ይልኩልሃል ማለት ነው። ዘመኑ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ግን ዘበኛው የተሰናበተበት ግቢ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ዘመኑ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ነው። ብዙ ደህና ደህና ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የደህንነት ቺፕና ፕሮሰሰር አያሟሉም። ሰው ሊኑክስን መጠየቅ ያበዛው ወዶ ብቻ አይደለም።

ለቤት፦ አብሮ ለመኖር

*ሊኑክስ ሚንት።* ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እኔ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ሲሆን በኡቡንቱ ላይ የተሠራ ነው። ሜኑው ከታች በግራ በኩል፣ ሰዓቱ በቀኝ፣ ሁሉም እንደለመድነው ነው። እናትህ ብትከፍተው «የታለ?» ብላ አትጠራህም። ሠሪዎቹ ቢያንስ 2 ጂቢ ራም ይላሉ፤ እንዲመችህ 4 ጂቢ። ዲስኩ 20 ጂቢ ቢበቃውም 100 ቢሆን ይመረጣል። ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የሚባለውን ቀለል ያለ መልኩን ውሰዱ። 22ኛው ሚንት እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ጥገና ይደርሰዋል።

*ኡቡንቱ።* እ.ኤ.አ. በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ባለሀብት ያስጀመረው ነው። ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰብአዊነትን የሚገልጽ ቃል ነው። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሲዲውን በነጻ በፖስታ ለጠየቀው ሁሉ ይልክ ነበር። ችግር ሲገጥምህ መፍትሔውን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው የማታጣው ለኡቡንቱ ነው። ግን ተጠንቀቅ፤ ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ ይወጣል፤ አብዛኛው እትም ዕድሜው 9 ወር ብቻ ነው። አንተ የምትፈልገው በየሁለት ዓመቱ የሚወጣውንና «ኤል.ቲ.ኤስ.» የሚል ምልክት ያለውን ነው። እሱ በነጻ 5 ዓመት ይቆያል። ከሚንት ትንሽ ይከብዳል፤ 4 ጂቢ ራም ላይ ይነሳል እንጂ ያለ ሐሳብ የሚሮጠው 8 ላይ ነው።

*ፌዶራ።* አዲስ ነገር ለሚወድ! ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ሬድ ሃት የሚደግፈው፣ ጥርት ያለ ዲስትሮ ነው። አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ቢሞክረው አይቆጭም። ሆኖም አንዱ እትም የሚቆየው 13 ወር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሻገር ግድ ነው። አፕዴቱም ይበዛል። ቤቱ ዋይፋይ ያለው ችግር የለበትም። በሞባይል ፓኬጅ እየቆጠበ የሚኖር ልጅ ግን ካርዱ ወዴት እንደሄደ ሳያውቅ ያልቅበታል።

*ዴቢያን።* የኡቡንቱ አባት፣ የሚንት አያት ነው። ዝምተኛና ጨዋ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ግን አዲስ አዲሶቹ አይደሉም። ድሮ የላፕቶፕ ዋይፋይ ለማስነሳት ያሰቃይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛው ዴቢያን ጀምሮ ብዙ የዋይፋይ ካርዶች የሚፈልጉት ነገር አብሮ መጫኛው ላይ መጥቷል።

*አርች።* ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን እትም የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ወንዝ ሁልጊዜ ይፈስሳል፣ ሁልጊዜ ይታደሳል። ሁሉንም በእጅህ ስለምትገጣጥመው ሊኑክስን ውስጡን ለመማር ወደር የለውም። ግን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ከማደስህ በፊትም ሠሪዎቹ ያወጡትን ማስታወቂያ ማንበብ አለብህ። ትኩረት የምትፈልግ ልጅ ናት በሉት! ሦስት ወር ጥለሃት ብትመለስ «ደህና ሰነበትክ» አትልህም።

ለሰርቨር፦ እንቅልፍ ለመተኛት

ሰርቨር ሌላ ዓለም ነው። ፊቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ መስኮትና አይጥ እንኳን አይጫንበትም፤ ሠራተኛው ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በጽሑፍ ያዘዋል። ስለዚህ ቁንጅና እዚህ ዋጋ የለውም። ጥሩ ሰርቨር ማለት እንዳለ የሚረሳ ሰርቨር ነው። ስሙ በየቀኑ የሚነሳ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ለቤት የሚያስደስተው ነገር ለሰርቨር ጠንቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። በየቀኑ የሚታደስ ነገር በየቀኑ ሊለወጥ ይችላል። ቤት ከሆነ እሁድ ጠዋት ታስተካክለዋለህ፤ ሰርቨር ከሆነ ግን ሠላሳ ሰው ደመወዙን ይጠብቃል። የጓደኛዬ ጥፋት የዲስትሮው ጥፋት አይደለም። ሯጭ ፈረስ ጋሪ ላይ ጠምዶ ጋሪው ተገለበጠ ብሎ ፈረሱን መውቀስ አይቻልም።

ለአነስተኛ ድርጅት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለክሊኒክ ሰርቨር የምመክረው ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ዴቢያን ነው። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አንድ እትም ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ እትም ላይ የሚልከው በአመዛኙ የጥገናና የደህንነት እርማት እንጂ አዲስ ፋሽን አይደለም። 13ኛው የወጣው በኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥገና፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ተጨማሪ፣ በድምሩ 5 ዓመት። ከጀርባው አንድ ኩባንያ ሳይሆን በጎ ፈቃደኞች ናቸው ያሉት፤ ስለዚህ አንድ ባለቤት ተነስቶ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚልበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ኡቡንቱ ሰርቨር ነው፤ ያው ኤል.ቲ.ኤስ. የሚለው። ከዴቢያን ትንሽ አዳዲስ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። 5 ዓመቱ ካነሰህ «ኡቡንቱ ፕሮ» የሚባለው አገልግሎት ወደ 10 ዓመት ያደርስልሃል፤ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን በነጻ ነው።

ሦስተኛው ሮኪ ሊኑክስ ወይም አልማ ሊኑክስ ነው። ሁለቱም የሬድ ሃት የሽያጭ ሊኑክስ ጋር እንዲጣጣሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የገዛችሁት ፕሮግራም «የምሠራው በሬድ ሃት ላይ ነው» ካለ ምርጫችሁ እነዚህ ናቸው። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ነው፤ 9ኛው እትማቸው እስከ 2032 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል።

ቃል ሲፈርስ

ሮኪና አልማ እንዴት እንደተወለዱ ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሴንትኦኤስ የሚባል ነበር፤ የሬድ ሃት ሊኑክስ የነጻ መንትያ። ዓለም ሁሉ ሰርቨሩን በሱ ላይ ነበር የሠራው። 8ኛው ሴንትኦኤስ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል ተብሎ ነበር። ሰዉ ያንን ቃል አምኖ ጫነ። በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ግን ድንገት «የሚያበቃው በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ነው» ተባለ። እንደተባለውም ታህሳስ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. አበቃ። የስምንት ዓመት ቃል በአንድ ማስታወቂያ!

የሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የነበረው ግሪጎሪ ከርትዘር ወዲያው ሮኪን አስጀመረ፤ ስሙንም በሕይወት ለሌለው የቀድሞ ባልደረባው ለሮኪ መጋው መታሰቢያ አደረገው። አልማም በዚያው ሰሞን ተከተለ። የቀድሞው 7ኛው ሴንትኦኤስ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው የተሰናበተው። ዛሬም ድረስ በሱ ላይ የሚሠራ ሰርቨር ያለው ድርጅት ካለ ግቢው ያለ ዘበኛ እንደሚያድር ይወቀው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዲስትሮ ስትመርጥ «ስንት ዓመት?» ብቻ ሳይሆን «ቃሉን የሰጠው ማነው?» ብለህም ጠይቅ። ይሄ ለትዳርም የሚሠራ ይመስለኛል!

ከመጫናችሁ በፊት

አንደኛ፣ ባለቤቱን ወይም ባለቤቷን ጠይቁ። «በምን ፕሮግራም ነው እንጀራሽን የምታገኚው?» በሉ። የጽሑፍና የሰንጠረዥ ሥራ ከሆነ ሊብረ ኦፊስ አብዛኛውን ይከፍትላችኋል። ፒችትሪ፣ አውቶካድ፣ ፎቶሾፕ ከሆነ ግን እነዚህ ለሊኑክስ አልተሠሩም። በነሱ የሚተዳደር ሰው ዊንዶውሱ ይቆይለት። የምትወዱትን ሰው ከሥራ አታፈናቅሉ።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ገልብጣችሁም አትመኑ፤ እያንዳንዱን ፎልደር ከፍታችሁ ሞክሩ። መጫኛው ላይ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ የሚጭን ምርጫ አለ። እሷ አንዲት ቁልፍ ናት የእቁቡን መዝገብ የበላችው። ካጠፋችሁ ደግሞ ወዲያው ማሽኑን ዝጉና ለባለሙያ አሳዩ፤ በላዩ በጻፋችሁበት ቁጥር የማግኘቱ ተስፋ እየመነመነ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛ፣ ሳትጭኑ ሞክሩት። ሚንት፣ ኡቡንቱና ፌዶራ ከፍላሽ ላይ ተነስተው ይሠራሉ፤ ዲስኩን አይነኩም። ዋይፋዩ ያዘ? ድምፁስ? ፕሪንተሩስ? ሁለት ቀን አብራችሁ ዋሉ። ፋይሉ ትልቅ ስለሚሆን ፈጣን ኢንተርኔት ካለው ጓደኛ በፍላሽ ማስገልበጥ ያዋጣል።

አራተኛ፣ አማርኛ። «አይባስ-ኤም17ኤን» የምትባለውን ፕሮግራም ስትጭኑ የአማርኛ አጻጻፍ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛው ቁልፍ በድምፁ እየጻፋችሁ «ሰላም» ይወጣላችኋል። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያለው ሰው ግን ያንን ፊደል አብሮ ይጫን፤ ካልሆነ ሰነዱ የፈረንጅ ፊደል ትርምስ ሆኖ ይከፈትለታል።

አምስተኛ፣ ለሰርቨር ብቻ። ዩፒኤስ ይኑረው፤ መብራት ሲሄድ የትኛውም ዲስትሮ ያልተቀመጠ ሥራ አያድንም። አፕዴቱን በየጊዜው አድርጉ፣ ግን በወር መጨረሻ አይሁን። ከተቻለ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ለእነዚያ ሁለቱስ?

ወደ ልጁ ልመለስ። ካፌው ውስጥ «የትኛውን ዲስትሮ ብጭንላት ትታረቀኛለች?» አይለኝም መሰላችሁ? ኧረ ተው ወንድሜ! አንድ ነገር አስታወስኩት። ዴቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስጀመረው ኢያን መርዶክ ስሙን ያወጣው የፍቅረኛውን የደብራን ስም ከራሱ ስም ጋር አጋጥሞ ነው፤ ያውም የሷን አስቀድሞ። «እሱ የሷን አስቀደመ፣ አንተ የሷን አጠፋህ» አልኩት። ሳቀም፣ አፈረም።

ከዚያ ደብተር ገዝቶ ሄደ። ሁለት እሁድ ሙሉ አብሯት በየእቁብተኛው ቤት ዞረ። በየደጁም «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም» እያለ ተናገረ። መዝገቡ ተሟላ። ላፕቶፑ ላይም ዊንዶውሱን በገዛ እጁ መለሰላት፤ እንዴት እንዳንገሸገሸው አትጠይቁኝ። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር አሁን ዴቢያን ላይ ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስለው «ምንም» ይለኛል። ለሰርቨር ከዚህ የበለጠ መልካም ዜና የለም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውላ «የእማዬ አሮጌ ዴስክቶፕ ተንቀራፏል፤ ፎቶዎቹን እኔ ራሴ ገልብጫለሁ፤ መጥተህ ያቺን ሚንት የምትባለውን አሳየኝ፣ ከወደድኳት እንጭናለን» አለችው። አሳየኝ ነው ያለችው፣ ጫንልኝ አላለችም። እሱም አሁን ልዩነቱ ገብቶታል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!